ረጅም ሌንስ ለቅርብ ወፍ



የዛሬው ርዕሳችን የዱር እንስሳትን በረጅም ሌንስ ጥርት አድርጎ ማንሳት ነው። ርዕሱን የሰማ ሰው ስለ ስሜንና ስለ ባሌ ተራሮች የምናወራ ይመስለዋል። እዚያም እንደርሳለን። የምነሳው ግን ከዚሁ ከአራዳ ነው። ስሜን ድረስ ሄዶ ብዥ ያለ ፎቶ ይዞ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ከአዲስ አበባ ይዞት የሄደ ነው። ረጅም ሌንስ ሩቅ ያለውን ያቀርባል ብሎ ያምናል። እኔ የመጣሁት ተቃራኒውን ላሳምናችሁ ነው፦ ረጅም ሌንስ ጎበዝ የሚሆነው ቅርብ ያለውን ትንሽ ነገር ሲያጎላ ነው።

በቁጥር እንየው። 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ ገጥማችሁ 10 ሜትር ላይ ስታነጣጥሩ፣ በምስሉ ወርድ የሚገባው 72 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማጅራቷ ላይ ነጭ ያላት የከተማችን ርግብ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ስለዚህ ከምስሉ ወርድ ከሲሶ በላይ ትይዛለች። ያቺው ርግብ 100 ሜትር ርቃ ብትቆም በወርዱ 7 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ይገባል፣ እሷ ደግሞ ነጥብ ትሆናለች። ካሜራችሁ በወርድ 6000 ፒክስል ካለው፣ የቅርቧ ርግብ በ2500 ፒክስል ትሳላለች፤ የሩቋ በ250። ላባዋን፣ የዓይኗን ክብ፣ የመንቆሯን ስንጥቅ በ250 ፒክስል ውስጥ ፈልጉ ብትባሉ አታገኙትም። በኮምፒዩተር ማጉላት ያልተቀዳውን አይፈጥርም።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ፤ አራዳ የፎቶ ሰፈር ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 አዲስ አበባ ገብቶ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ለጉርድ ፎቶ፣ ስንቱ ለምርቃት፣ ስንቱ ለሠርግ ፒያሳ ወጥቷል! ፎቶ ቤት ውስጥ አዛዡ ፎቶ አንሺው ነው። «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ አድርግ፣ እንዳትንቀሳቀስ» ይላል፤ ደንበኛውም ትንፋሹን ይውጣል። ብርሃኑን የሚያስተካክለው እሱ፣ ርቀቱን የሚለካው እሱ፣ ሰዓቱን የሚመርጠው እሱ። ደጅ ወጥቶ ጭልፊት የሚያነሳ ሰው ግን ይህ ሁሉ ሥልጣን የለውም። መታዘዝ ያለበት እሱ ራሱ ነው፤ ለብርሃኑ፣ ለአየሩ፣ ለወፏ ጠባይ።

ፎቶ ሲበላሽ ሁላችንም «ብዥ አለ» ብለን እናልፋለን። ብዥታ ግን አራት ዓይነት ነው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ስለዚህ ፎቶውን ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ እስከ መጨረሻው አጉሉና መርምሩት። ወፏም፣ የቆመችበት ቅርንጫፍም፣ ከኋላዋ ያለው ቅጠልም ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተጎተተ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው። ቅርንጫፉ ጥርት ብሎ ክንፏ ብቻ ከተጎተተ የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት። ጭራዋ ወይም ከኋላዋ ያለው ሣር ጥርት ብሎ ዓይኗ ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል። በተከታታይ ካነሳችኋቸው አንዱም ጥርት ያላለ፣ የእያንዳንዱም ጠርዝ በተለያየ መልክ የሚሞገድ ከሆነ ደግሞ ያበላሸባችሁ አየሩ ነው። ይህን መለየት የቻለ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ከእጃችን እንጀምር። 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያየው 5 ዲግሪ ያህል ጠባብ ማዕዘን ብቻ ስለሆነ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የማይታወቅ መንቀጥቀጥ በዚህ አሥር እጥፍ ጎልቶ ይወጣል። ከፊልም ዘመን የወረስነው ሕግ የሹተር ስፒዱ ቁጥር ከሌንሱ ርዝመት አይነስ ይላል፤ ለ500 ሚሊ ሜትር ቢያንስ 1/500ኛ ሰከንድ። ካሜራችሁ ትንሽ ሴንሰር ያለው፣ ክሮፕ የምንለው ዓይነት ከሆነ በ1.5 ወይም በ1.6 አባዙት፤ ወደ 1/800 ይጠጋል። የዛሬዎቹ ሴንሰሮች ጥቃቅኑን ስህተት ሁሉ ስለሚያሳዩ፣ ብርሃን ካለ ከ1/1000 ብትነሱ አይቆጫችሁም።

አያያዝም አለ። ግራ እጃችሁ ካሜራውን ሳይሆን ሌንሱን ከሥር ይሸከም። ክርናችሁ ከጎናችሁ ይጣበቅ። ግንብ ካለ ተደገፉ፣ ዛፍ ካለ ትከሻችሁን አስጠጉ፣ መቀመጥ ከተቻለ ተቀምጣችሁ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። ቁልፉን አትምቱት፤ ቀስ ብላችሁ ጫኑትና ሦስት አራቱን በተከታታይ ልቀቁት። የመጀመሪያው ስትጫኑ፣ የመጨረሻው ስትለቁ ይነቃነቃል፤ መሀል ላይ ያሉት ይተርፋሉ።

ትሪፖድ የሌለው አይጨነቅ። ጠንካራ ጨርቅ በሁለት እጅ ታቅፎ በሚያዝ መጠን ከረጢት አድርጋችሁ አሰፉ፤ ሁለት ኪሎ ሽምብራ ሙሉበት፣ ግን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፤ ሲሶው ባዶ ይሁን። ግንብ ወይም የመኪና መስኮት ጠርዝ ላይ አስቀምጣችሁ ሌንሱን ስትጭኑበት ፍሬው ግራና ቀኝ ሸሽቶ ሌንሱን ይቀረጽለታል፣ ንቅንቅ አያደርገውም። ጤፍ በስፌቱ ያመልጣል፤ ባቄላና ሽምብራ ግን ይሆናል። ፓርክ ውስጥ ከመኪና ስታነሱ ደግሞ ሞተሩን አስጠፉ፤ የሞተር ንዝረት ከረጢቱንም አልፎ ይመጣል።

ሁለተኛው የእንስሳው እንቅስቃሴ ነው። ብዙ ሰው ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያ ሁሉን የሚፈታ ይመስለዋል። ማረጋጊያ የእናንተን እጅ ያረጋጋል፤ ጭልፊቱን አያረጋጋውም። ሒሳቡን ሥሩት፦ ጭልፊቱ በሰከንድ 10 ሜትር ቢበር በ1/250ኛ ሰከንድ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ከጭንቅላቱ ስፋት የማይተናነስ ነው! በ1/2000ኛ ግን ጉዞው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ሌንሳችሁን አብራችሁት እያዞራችሁ ከተከተላችሁት ደግሞ ያም ይቀንሳል። ስለዚህ ለተቀመጠ ወፍ 1/500 እስከ 1/1000፣ ለሚበር 1/2000 እና ከዚያ በላይ።

ብርሃኑ አልበቃ ቢልስ? አይ.ኤስ.ኦ.ውን ከፍ አድርጉ። ኖይዝ፣ ማለትም የምስሉን ነጠብጣብ፣ የፈራ ፎቶ አንሺ ሹተሩን ያዘገያል፣ ያዘገየ ደግሞ ሁሉንም ያጣል። ኖይዝ በኋላ በሶፍትዌር ይቀነሳል፤ የተጎተተ ላባ ግን በምንም አይመለስም።

ሦስተኛው ፎከስ ነው። 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 5.6፣ 10 ሜትር ላይ ጥርት አድርጎ የሚይዘው የጥልቀት ስፋት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 5 ሜትር ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ብቻ ያልፋል። እዚህ አራዳ በየግንቡ ላይ የሚያርፈውን ቁራ አስቡት፤ ያ መንቆሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኘው ቁራ። ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ 5 ሜትር ላይ ቢቆምና ካሜራው የመንቆሩን ጫፍ ቢይዝ ዓይኑ ከጥራቱ ውጭ ይቀራል። ተመልካች ደግሞ መንቆር ደብዝዞ ዓይን ቢጠራ ይቅር ይላል፤ ዓይን ደብዝዞ መንቆር ቢጠራ ፎቶውን አያየውም።

ስለዚህ ፎከሱን ለካሜራው ምርጫ አትተዉለት። መካከለኛዋን አንድ ነጥብ መርጣችሁ ዓይኑ ላይ አሳርፉ። ተከታታይ ፎከሱን ክፈቱ፤ ካኖን ላይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤ.ኤፍ.ሲ. የሚባለውን። አዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች የእንስሳ ዓይን ራሳቸው ፈልገው ይይዛሉ፤ ቅርንጫፍ ሲበዛ ግን እነሱም ይታለላሉ። ሌንሳችሁ የፎከስ ርቀት መገደቢያ ካለው ተጠቀሙበት፤ ፎከሱ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ እየዋለለ ወፏ ከምታመልጣችሁ። ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑት ዙሞች፣ ለምሳሌ ከ150 እስከ 600 የሚሄዱት፣ መጨረሻቸው ላይ ትንሽ ይለሰልሳሉ፤ ኤፍ 6.3 ከሆነ ወደ 8 ብትወስዱት ይሻሻላል። ከ11 በላይ ግን አትዝጉ፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን መልሶ መለስለስ ይመጣል።

አራተኛው ጠላት አየር ነው፤ ገንዘብ የማይገዛው መፍትሔ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ሆናችሁ እኩለ ቀን ላይ በቆርቆሮ ጣሪያዎች አሻግራችሁ ተመልከቱ። ቆርቆሮው ፀሐይ ጠጥቶ የሞቀ አየር ይለቃል፤ የሞቀው ከቀዝቃዛው ሲቀላቀል ብርሃኑን ያጣምመዋል። አስፋልቱም እንዲሁ። ያን ጊዜ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ 200 ሜትር ርቆ ያለ ወፍ ብታነሱ፣ የምታነሱት የሚፈላውን አየር ነው። የሌንሳችሁ ርዝመት፣ የትሪፖዳችሁ ክብደት፣ የሹተሩ ፍጥነት አንዱም አያድናችሁም። በመኪና ወይም በቤት መስታወት አሻግሮ ማንሳትም እንዲሁ ያበላሻል፤ መስኮቱን ከፍታችሁም እንኳ ውስጡ ሞቆ ውጭው ከቀዘቀዘ አየሩ በመስኮቱ ላይ ይናወጣል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ ሰዓት ነው፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ወዲያ። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ፀሐያችን በፍጥነት ትወጣለች፤ በ4 ሰዓት ብርሃኑ ከአናት መውረድ ይጀምራል። ደመናማ የክረምት ቀንም አይናቅ፤ ምድሩ ስለማይግል አየሩ ይረጋል፣ ለጥቁር ላባ ደግሞ ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል። ሁለተኛውና ዋናው መድኃኒት ቅርበት ነው። በእናንተና በወፏ መካከል 10 ሜትር አየር ካለ ጥፋቱ ትንሽ ነው። ምንም ያህል ሌንስ ብታስረዝሙ የመካከሉን አየር አትቀንሱትም፤ ጉዳቱን አብራችሁ ታጎሉታላችሁ እንጂ።

አሁን ለምን አራዳን እንደመረጥኩ ግልጽ ሆኖላችኋል ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነሱ ውስጥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙት አንዳንዶቹ፣ የውጭ አገር ወፍ ተመልካች ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣላቸው፣ እዚህ በእግራችን በምንደርስበት ቦታ ይኖራሉ። ነጭ ማጅራቷ ርግብ በተፈጥሮዋ የገደል ወፍ ናት፤ የድንጋይ ሕንፃ ስታገኝ እዚያው ትሰፍራለች። ጎባጣ ረጅም መንቆር ያለውን፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበትን፣ ጠዋት ጠዋት እየተንጫጫ በሰፈር ላይ የሚያልፈውን ትልቅ ወፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሣር ባለበት ግቢ ሁሉ ወርዶ ትል ሲለቅም ሰው ቢያልፍ ብዙም ግድ የለው። ቁራውንና ጭልፊቱን ሥጋ ቤት ባለበት አታጧቸውም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደግሞ ዛፍ የማይቆረጥበት፣ ወፍ የማይባረርበት ቦታ ስለሆነ በመሀል ከተማ የቀረልን የወፍ መሸሸጊያ ነው። እነዚህ ወፎች ሰውን ለምደዋል። ቅርበቱን በነፃ ሰጥተውናል።

ቁራውን እንዴት ታነሱታላችሁ? ጥቁር ስለሆነ ካሜራው ይሳሳትና ምስሉን ከልክ በላይ ያበራዋል፤ ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ተቃጥሎ ይጠፋል። ስለዚህ መጋለጡን በግማሽ ወይም በሁለት ሲሶ ደረጃ ቀንሱ፤ ነጩ ላባ መስመሩ ሳይጠፋ ይቅር፣ ጥቁሩን በኋላ ታነሱታላችሁ። ዓይኑም ጥቁር፣ ፊቱም ጥቁር ነው፤ የሚለያቸው ዓይኑ ላይ የምታርፍ የብርሃን ነጥብ ብቻ ናት። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ብርሃኑ እስኪያዞር ጠብቁ፣ ነጥቧ ዓይኑ ላይ ብልጭ ስትል ልቀቁ። ያቺ ቅጽበት ሳትመጣ ሃምሳ ጊዜ ብትተኩሱ ሃምሳ ጥቁር ቅርጽ ትሰበስባላችሁ። ጊዜ ካላችሁ አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ያለውን የእንስሳት ቅርስ ሙዚየም ጎብኙ፤ የማይንቀሳቀስ ወፍ በቅርብ አይታችሁ ላባው የት እንደሚጀምር ካወቃችሁ፣ ደጅ ስትወጡ ምን መጥራት እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ስለ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ክንድ የሚያህል ሌንስ ሕንፃ ላይ ስታነጣጥሩ ጥበቃው ቢመጣባችሁ አትቀየሙት፤ ሥራው ነው። ሳይመጣባችሁ እናንተ ሂዱበት። «ወንድሜ፣ ወፎች ላነሳ ነበር፤ ይፈቀዳል?» በሉ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳደሩን አስፈቅዱ፣ የቅዳሴ ሰዓት አትምረጡ፣ የሚጸልይ ሰው ላይ አታነጣጥሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ወፉን ለሌላ ግንብ ተዉት። ከተፈቀደላችሁ በኋላ ፎቶውን ለጥበቃው አሳዩት። በማግስቱ ቁራው የት እንደሚያድር የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ የቆመ ሰው ነውና።

ከዚህ ወደ ተራራው እንውጣ። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚያ ጭላዳዎቹ ሲግጡ ዝቅ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ፣ መንጋው እየነጨ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ቆማችሁ ብትከተሉት ግን ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ የምታነሱትም ጀርባ ብቻ ይሆናል። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው በኖረው በጓሳ፣ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለ። ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን አይጥ ሲያድን የሚውል እንስሳ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። አካሄዱን አጥንቶ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው በ400 ሚሊ ሜትር ያገኘዋል፤ የሚያሳድደው በ800ም አያገኘውም።

ጥራት ለውበት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 «ኢኮሎጂ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በባሌ የሚኖሩ ቀይ ቀበሮዎች ቀጥ ብሎ ከሚያብብ ቀይና ቢጫ አበባ የአበባ ማር ሲልሱ እንደታዩ ተጽፏል፤ አንዳንዶቹ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ ይጎበኙ ነበር። የአድሪየን ለሳፍር ፎቶዎች በዓለም ሲሠራጩ፣ በቀበሮው አፍንጫና ከንፈር ላይ የተለጠፈው የአበባ ብናኝ ይታይ ነበር። ሥጋ በል የሆነ እንስሳ አበባ ያራባ ይሆናል የሚለው ሐሳብ የቆመው በዚያ ብናኝ ላይ ነው። ፎቶው ብዥ ያለ ቢሆን ቀበሮ አበባ አሸተተ ከማለት አናልፍም ነበር።

ቅርበት ስል ግን ማሳደድ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም። እንስሳው መብላቱን አቁሞ ቀና ካለ በቅቷችኋል፤ ቁሙ። እንደገና አንገቱን ደፍቶ ካልበላ ወደኋላ ተመለሱ። ጎጆና ጫጩት ያለበት አትጠጉ። የተረበሸ እንስሳ ፎቶ ላይም ያስታውቃል፤ ጆሮው ወደ ኋላ፣ ዓይኑ ወደ ማምለጫው ነው።

በመጨረሻ፣ ሁልጊዜ የሚቀርብልኝን ጥያቄ ሳትጠይቁኝ ልመልስ፦ «የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» ከ70 እስከ 300 ያለው እጃችሁ ላይ ካለ በዚያው ጀምሩ፤ ክሮፕ ካሜራ ላይ ለከተማ ወፍ በቂ ነው። የሌንስ ማባዣ (ቴሌኮንቨርተር) መግጠም ያሰባችሁ እንደሆነ 1.4 እጥፉ አንድ ደረጃ፣ 2 እጥፉ ሁለት ደረጃ ብርሃን እንደሚወስድ አስሉት። ሌንሱ ፊት ላይ ርካሽ መከላከያ ፊልተር ካለ አውልቁና ልዩነቱን እዩ። ያገለገለ ስትገዙ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አቁሙ፣ ማረጋጊያውን አጥፉ፣ በሰዓት ቆጣሪው አንሱ። መሀሉ ተነቦ አንደኛው ጠርዝ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ተመትቷል፤ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱት።

የስሜን ጉዞ የመኪና፣ የአስጎብኚ፣ የስካውትና የማደሪያ ወጪ አለው፤ እዚያ ደርሶ ሹተር ስፒድ መማር ውድ ትምህርት ነው። ትምህርቱ እዚሁ በነፃ ይሰጣል፤ አስተማሪዎቹም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግንቡ ላይ ናቸው። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ወፍ ምረጡ፤ ቁራውን ወይም ርግቧን። እሷን ብቻ አንሱ፣ ብዥ ያለውን ከአራቱ የትኛው እንዳበላሸው ለዩ፣ በማግስቱ ያንን አንዱን ብቻ አርሙ። የርግብን ዓይን በፈለገው ቀን ጥርት አድርጎ ማውጣት የቻለ ሰው ለዋልያውም ዝግጁ ነው።

 አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ካሜራ ይዛችሁ የመጣችሁም ፎቶዎቻችሁን አውጡና አብረን እንመርምራቸው።